በሬዲዮ የተላለፈው ግዝት

የሬዲዮ ጣቢያ ባለቤት ነኝ ስል ሰው ሁሉ ሀብታም አድርጎ ያየኛል። እስቲ አንድ ቀን ፍኖተ ሰላም ኑና ጣቢያዬን እዩት። ድሮ የማር መጋዘን የነበረ ባለ ሦስት ክፍል ቤት ነው። ዛሬም ፀሐይ ሲበረታ ግድግዳው ሰም ሰም ይሸታል፤ ንቦችም የድሮ ቤታቸውን አልረሱ፣ በመስኮት እየገቡ ጋዜጠኞቼን ያሯሩጣሉ። ከቤቱ ጀርባ ጄኔሬተሬ አለች። መብራት ሲሄድ እሷ ትነሣለች፤ ጩኸቷም ከዜናው ጋር አብሮ በአየር ይወጣል። አድማጮቼ «ዛሬ መብራት ሄደባቸው» የሚሉት የሷን ጩኸት ሰምተው እንጂ ጣቢያው ተቋርጦ አይደለም። በዚህ በጣም እኮራ ነበር። «መብራት ይሄዳል፣ እኛ አንሄድም» የሚል መፈክር ሁሉ አውጥቼ ነበር።

ፈንታዬ እባላለሁ። ጣቢያውን ከመክፈቴ በፊት ቡሬ ላይ ሬዲዮና የሶላር ዕቃ እሸጥ ነበር። ገበሬው ከእኔ ሬዲዮ ገዝቶ ይሄድና ለገበያ ሲመለስ «ይህ ነገር ስለ ሁሉም ያወራል፣ ስለ እኛ ግን አያወራም» ይለኛል። እኔም «ታዲያ ሬዲዮው ምን ያድርግልህ?» እያልሁ እስቅ ነበር። ስቄ ስቄ በመጨረሻ ነገሩ ውስጤ ገባና ሱቄን ሸጬ ፈቃድ ፍለጋ መመላለስ ጀመርሁ። የዚያን መመላለስ ታሪክ ብጀምርላችሁ አንጨርሰውም። ከተከፈተ በኋላ ያለው ችግርም ቢሆን አያልቅም። ነዳጅ ይጠፋል፣ መንገድ ይዘጋል፣ የተቃጠለች ትንሽ ዕቃ ለማስመጣት ወር ይፈጃል፣ ትናንት እየሳቀ ማስታወቂያ ያስነገረ ነጋዴ ዛሬ ስልክ አያነሣም።

ጥቅሙን ከጠየቃችሁኝ ግን አንድ ነገር እነግራችኋለሁ። ጠዋት ከቤቴ ወደ ጣቢያው በእግሬ ስሄድ ከሻይ ቤቱ፣ ከወፍጮ ቤቱ፣ ከልብስ ሰፊው ደጃፍ የእኔው ጣቢያ ይሰማል። ሻይ ቤቱ ዘንድ የተጀመረው ወሬ ልብስ ሰፊው ዘንድ ስደርስ ያልቃል፤ እኔም ሳላቋርጥ አዳምጬው እገባለሁ። ያን ጊዜ የነዳጁን ነገር እረሳዋለሁ።

የምነግራችሁ ነገር የሆነው ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ከፕሮግራሞቻችን ሁሉ የሚደመጠው «የጠፋ ፍለጋ» ነው። የጠፋ መታወቂያ፣ የጠፋ ቁልፍ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የጠፋ ከብት እናስነግራለን። በዚያ ቀን ለዚሁ ጉዳይ ሁለት ሰዎች ከማንኩሳ ወዲያ ካለ ገጠር መጡ። አንደኛው አያ ደምሌ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። ሁለተኛው የደብራቸው ካህን መምሬ ጥላሁን ናቸው። አያ ደምሌ የማረሻ ጅራፋቸውን እንደያዙ ነው የገቡት።

«አባቴ፣ ይቀመጡ እንጅ። ጅራፉን እዚህ ያስቀምጡት» አልኋቸው።

«ተይኝ ልጄ። እጄ ባዶ ሲሆን ነው የሚብሰኝ» አሉኝ። «ዝናቡ መጣ፣ በሬዎቹ ሄዱ። ዳልቾና ቦራ ይባላሉ። ጎረቤቱ ሁሉ አርሶ ሊጨርስ ነው፤ እኔ ደጄ ላይ ቆሜ የሰው እርሻ አያለሁ።»

ዳልቾ ግራጫ፣ ቦራ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ ብዬ ለማስነገር ስመዘግብ መምሬ ጥላሁን እጃቸውን አነሡ።

«እታለም፣ ይህ በማስታወቂያ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ማስታወቂያ ሰምቶ በሬ የመለሰ ሌባ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም አባቴ። ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ልገዝት ነው የመጣሁ።»

ከተሜ ሆኖ ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ልንገረው። በእኛ አገር ዕቃ ወይም ከብት ሲሰረቅ ካህን በሥልጣኑ ይገዝታል። «ያየህ፣ የሰማህ፣ ተናገር። እያወቅህ ዝም ካልህ ግዝት ነህ» ይላል። የሚያውቅ ሰው ከዚያ ወዲያ ዝም ብሎ ማደር አይችልም። እስኪናገር፣ ካህኑም እስኪፈታው ድረስ የታሰረ ነው። ሰው ፖሊስን ሊዋሽ ይችላል፤ ግዝትን ግን የሚደፍር ጥቂት ነው።

«እሑድ በደብራችን መግዘት አያቅተኝም» አሉ መምሬ። «ግን ሌባው የእኛን ደብር አይሳለም። በሬዎቹም ብር የሚባለውን ወንዝ ተሻግረው ይሆናል። የእኔ ድምፅ ከቅጥሩ አይወጣ፤ ያንቺ ግን ቡሬ ይገባል፣ ሽንዲ ይገባል፣ አየሩ ጥሩ ሲሆን ዱርቤቴ ድረስ ይሰማል ይላሉ።»

ከመስታወቱ ወዲያ ቴክኒሻኔ አስቻለው ራሱን እየነቀነቀ «ተይ» ይለኛል። እኔ ደግሞ ጅራፉን አየሁ። እውነቱን ለመናገር አዝኜ ብቻም አይደለም፤ በሬዲዮ የተላለፈ ግዝት ማን ሰምቶ ያውቃል፣ ጆሮ ሁሉ ወደ እኛ ይዞራል ብዬም ነው። ፈቀድሁ።

መምሬ ጥላሁን ማይክራፎኑ ፊት ተቀመጡ። መስቀላቸውን አውጥተው ወደ እሱ ሲያስጠጉ አስቻለው «አባ፣ እንዳይነካው!» ብሎ ጮኸ። ስለ ዳልቾና ስለ ቦራ ተረጋግተው ጀመሩ። መልካቸውን፣ ቀንዳቸውን፣ የጠፉበትን ቦታ ተናገሩ። ቀጥለው ስለ አያ ደምሌ እርሻ ሲያወሩ ግን ሞቅ አላቸው፣ ድምፃቸውም ከፍ አለ።

«የእኒህን ሽማግሌ በሬዎች ብቻ አይደለም የምለው! የሰው ከብት የት እንደገባ እያወቀ ዝም ያለ፣ ይህን ድምፅ የሰማ ሁሉ፣ በሥልጣነ ክህነቴ ገዝቼዋለሁ!»

ቀጥሎ የሳሙና ማስታወቂያ ገባ።

ስሕተቱ ያልታየኝ ለምን እንደሆነ አላውቅም። በደብር ሲገዘት ሰሚው የአንድ አገር ሰው ነው፣ ነገሩም ያችው የጠፋችው ከብት ናት። መምሬ ግን ከብቱንም ሰሚውንም ወሰን አሳጡት። በማግስቱ ጠዋት ወደ ጣቢያው ስሄድ ከሻይ ቤቱ ድምፅ የለም። ወፍጮ ቤቱም ዝም። ልብስ ሰፊው ሬዲዮውን በጨርቅ ሸፍኖ ተቀምጧል። ምን ሆነህ ስለው «ሌላ ግዝት ቢመጣስ ብዬ» አለኝ። ወዲያው ቡሬ ላይ የበርበሬ ነጋዴ የሆነው ደንበኛዬ አቶ ኑሩ ደወለልኝ።

«ወይዘሮ ፈንታዬ፣ እኔ እስላም ነኝና ግዝቱ እንደማይዘኝ አውቃለሁ። ግን ሰዉ ሁሉ ሬዲዮውን ከዘጋ የእኔን በርበሬ ማስታወቂያ ማን ሊሰማው ነው? አንድ ነገር ካላደረግሽ ጣቢያው አለቀለት።»

ጣቢያው ግቢ ስደርስ ደግሞ በሩ በሰው ተሞልቷል። አንዱ ድሮ ጠፍታ መጥታ ከከብቶቹ ጋር የተቀላቀለች ጊደር አሳድጎ ልጆቿን ሁሉ ሸጧል። አንዲት እናት «ለባሌ ጅብ በላው ያልሁት በግ፣ ቡሬ ገበያ ነው የተሸጠ» ትላለች። ደብራችሁ ሄዳችሁ ለምን አትናገሩም ስላቸው፣ «በሰማንበት እንናገር ብለን ነው» አሉኝ። ያ ሁሉ ሰው ማይክራፎን ፊት ቁጭ ብሎ በስም እየጠራ ቢናገር በማግስቱ ስንት ሰው እንደሚጋደል አስቡት። መምሬን በአስቸኳይ አስጠራሁ። ከአያ ደምሌ ጋር መጡና ግቢዬ ካለው ማንጎ ሥር ተቀምጠው ሰዉን አንድ በአንድ እየሰሙ «እግዚአብሔር ይፍታህ፣ እግዚአብሔር ይፍታሽ» ማለት ጀመሩ። አያ ደምሌም ጅራፋቸውን ይዘው አጠገባቸው ተቀመጡ። የዳልቾና የቦራ ነገር እስኪነሣ ጆሯቸውን አቁመው የሰዉን ኃጢአት ሁሉ ያዳምጣሉ። ሂዱ ብላቸው አልሄዱልኝም።

አንዲት ሴት ከሰዉ ተለይታ ኮሪደሩ ውስጥ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ልጅነቷ ፊቷ ላይ ነው፤ የመውለጃዋ ጊዜ ደርሷል። ወንበር ሰጥቻት ስሟን ብጠይቃት ውዴ አለችኝ። ከዚያ በመስታወቱ ወደ ማይክራፎኑ አመለከተች።

«በዚያ ልናገር ነው የመጣሁ።»

«ምን ልትናገሪ፣ እቴ?»

ወደ ማንጎው አየት አድርጋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «በሬዎቹን አውቃቸዋለሁ። ባሌ ነው ያመጣቸው። ከቤታችን በታች ካለው ገደል ሥር አስሯቸዋል፤ ውኃ የማጠጣቸው እኔው ነኝ። ግዝቱ ሲነገር ብቻዬን ነበርሁ። ከዚያ ወዲህ…» እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። «ከዚያ ወዲህ አልተንቀሳቀሰም። ታስሯል።»

ደነገጥሁ። «ተነሽ፣ አሁኑኑ ጤና ጣቢያ እንሂድ!»

«እሄዳለሁ። መጀመሪያ ልናገር።»

«ለነፍስ አባትሽ ተናገሪ።»

«የነፍስ አባቴ የባሌ አጎት ናቸው።»

«እንግዲያ መምሬን እጠራልሻለሁ፣ ለብቻሽ ይሰሙሻል።»

መምሬን በጀርባ በር አስገባኋቸው። ውዴ ግን ጉልበታቸውን ስማ ያንኑ ደገመች፤ «የታሰርሁት በዚህ ነው። በዚህ ካልተናገርሁ አልፈታም።» ካህኑ ያግዙኛል ስል እሳቸውም ጢማቸውን እየዳበሱ «ልክ ናት እኮ። በዚህ የወጣ በዚህ ቢመለስ ነው የሚያምር» አሉ። ራሴን ያዝሁ። ከማንጎው ሥር አያ ደምሌ አሉ። ልጆቻቸው ጠመንጃ ያላቸው ናቸው። ይህች ልጅ በአየር ላይ የባሏን ስም ከጠራች እስከ ማታ አንዱ ይሞታል። ካልተናገረች ደግሞ ሆዷን ይዛ እዚህ ወንበር ላይ ልትቀር ነው።

አስቻለው በጆሮዬ «ክፍት ነው ብለን እናስመስልላት፣ የት ታውቃለች?» አለኝ። መጥፎ ዘዴ አይመስልም። ግን የዘበኛው ሬዲዮ በር ላይ ሙዚቃ እየለቀቀ ነው፤ ሌላ ነገር እየተላለፈ እንደሆነ ወዲያው ትሰማለች። ባትሰማም ይህን የሚያህል ነገር ተሸክማ የመጣችን ሰው ለማታለል አፌ እሺ አላለኝም።

ፊቷ ቁጢጥ ብዬ ተቀመጥሁ። «ስሚኝ ውዴ። ማስተላለፊያውን አጠፋዋለሁ። ጣቢያው በሙሉ ዝም ይላል፣ የትም ቦታ ምንም አይሰማም። ያን ጊዜ ይህን ማይክራፎን የሚሰማው መምሬ፣ እኔና እግዜር ብቻ ነን። ይበቃሻል?»

ማይክራፎኑን ደግማ አየችው። «ዘፈንም፣ ማስታወቂያም አይተላለፍበት?»

«ምንም አይተላለፍበት።»

«እንግዲያ ይሁን።»

አስቻለው ከኋላዬ ተከተለኝ። «ወይዘሮ ፈንታዬ፣ ስርጭት ሲቋረጥ እኮ ምክንያት እንጠየቃለን! መብራት አለ፣ ዕቃው ደኅና ነው፣ ምን ልንል ነው? ሰዉስ እንደገና ይከፍተናል?» እውነቱን ነው። ጣቢያዬ በማሠራጫ ሰዓቱ ዝም ብሎ አያውቅም፤ ባለቤት ማለት ለእኔ ዝም እንዳይል የሚያደርግ ሰው ነበር። ለነዳጅ የለመንሁት፣ ለዕቃ የተንከራተትሁት ለዚሁ ነው። ማስተላለፊያው ያለበት ክፍል ገብቼ በገዛ እጄ አጠፋሁት።

በር ላይ የዘበኛው ሬዲዮ «ሽ…» አለ። ግቢው ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ወሬውን አቆመ።

አስቻለውን አስወጣሁት። ውዴ ወደ ማይክራፎኑ ጠጋ አለች። መጀመሪያ ስሟን፣ ከዚያ አገሯን ተናገረች፤ «የጠፋ ፍለጋ» ላይ ሰው እንደዚያ እያለ ሲጀምር ሰምታ ይሆናል። ከዚያ የባሏን ስም፣ ገደሉን፣ በሬዎቹን፣ ያጠጣችበትን ምንጭ ሳይቀር ተናገረች። «ክፉ ሰው አይደለም። መሬት የለንም፣ ልጁ ሲመጣ ምን እናደርጋለን እያለ ነው። ግን ሽማግሌው በምን ያርሳሉ?» አለችና አለቀሰች። መምሬ መስቀሉን ግንባሯ ላይ አድርገው «እግዚአብሔር ይፍታሽ፣ ሆድሽ ያለውንም ይፍታልሽ» አሏት። እኔም አለቀስሁ፤ ምን እደብቃለሁ።

ስኳሩን በዛ አድርጌ ሻይ አመጣሁላት። ብርጭቆው ሳያልቅ ቀና አለችና እጄን ይዛ ሆዷ ላይ አደረገችው። ልጁ ረገጠኝ። ስኳሩ ይሁን፣ ዕረፍቱ ይሁን፣ ከግዝቱ መፈታቷ ይሁን፣ እናንተ የፈለጋችሁትን በሉ። በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወስጄ አስመረመርኋት፤ ደኅና ናቸው ተባለ፣ ወደ አገሯም ሸኘኋት።

ከመሄዳችን በፊት ስርጭቱን መልሰን ነበር። ጋዜጠኛዬ «በመብራት መቋረጥ ምክንያት ተቋርጦ የነበረው…» ብላ ጀመረች። ስመለስ አያ ደምሌ ማንጎው ሥር ብቻቸውን ቀርተዋል።

«መምሬ አያናግሩኝም» አሉኝ። «አንችም ታመልጭኛለሽ። የበሬዎቼ ነገር ተሰምቷል፣ አይደል?»

በሬዎቹ ያሉበትን ገደል አውቃለሁ። እኒህ ሽማግሌ ጅራፋቸውን ይዘው ፊቴ ቆመዋል፤ እኔ ዝም። መምሬን ፈልጌ «አባቴ፣ አሁን እኮ እኔም ታሰርሁ። የሰው ከብት የት እንደገባ እያወቅሁ ዝም አልሁ» አልኋቸው።

መምሬ ጋቢያቸውን ሰበሰቡና «እኔስ?» አሉ። «ይህን ድምፅ የሰማ ሁሉ ያልሁ እኔው አይደለሁ? ከሁሉ ቀድሞ የሰማሁትም እኔው ነኝ። በይ እስከ ጠዋት እንታገሥ። በሬዎቹ እንዲመለሱ ለልጅቱ ነግሬያታለሁ።»

ያ ቀን እንዴት እንደመሸ አትጠይቁኝ።

በማግስቱ ጠዋት ከማንኩሳ ሰው መጣ። ዳልቾና ቦራ ከደብሩ ቅጥር ሥር ሣር ሲግጡ ተገኝተዋል። እነሱ ብቻም አይደሉም። ማንም ያላመለከታት አህያ፣ አንዲት ላም ከነጥጃዋ፣ የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያልታወቀ ወይፈንም አብረው ነበሩ። ነገሩ የገባኝ አቶ ኑሩ ሲደውል ነው።

«ትናንት ምን ነክቷችሁ ነው ዝም ያላችሁ? ቡሬ ላይ ጉድ ነበር! ሬዲዮውን የዘጋው ሁሉ 'ዝም አሉ' ሲባል ከፍቶ ከበበው። 'ስም ሊጠሩ ነው፣ ሊያነቡ እየተዘጋጁ ነው' ተባለ። አንድ የማውቀው ሰውማ ሳይሰናበተን እየሮጠ ወደ አገሩ ሄደ።»

በዚያው ቀን መምሬ ጥላሁን ተመልሰው ማይክራፎኑ ፊት ተቀመጡና ግዝቱን ፈቱ። ለዚህኛው ግን ወሰን አበጁለት፤ ማንን እንደሚፈቱ፣ በምን ነገር እንደሚፈቱ ለይተው፣ ሳይቸኩሉ፣ ድምፃቸውንም ከፍ ሳያደርጉ ተናገሩ። ቀጥሎ የሳሙናው ማስታወቂያ ገባ። እኔና አስቻለውም በመስታወቱ ተያይተን ትንፋሻችንን ለቀቅን።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት ገንዘብ አጠራቅማችሁ በአገራችሁ ጣቢያ ልትከፍቱ የምታስቡ ካላችሁ፣ አትፍሩ ክፈቱ። ነዳጁም ዕቃውም ከብዙ ልመና በኋላ ይገኛል። እኔን የለወጠኝ ያ ቀን ነው። ከዚያ በፊት ማይክራፎን ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጥ ነበር፤ ብዙ ሰው ከተናገረ ጥሩ ጣቢያ ነው ብዬ። አሁን ግን ማንም ሰው ከመቀመጡ በፊት የሚናገረው ነገር ማን ቤት እንደሚገባ፣ እዚያ ቤት ብቻውን ማን እንደሚሰማው አስባለሁ። ሬዲዮ ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ላንዲት እርጉዝ ሴት ብቻ የሚናገርበት ቤት እንዳለ ፈቃድ ሲሰጡኝ ማንም አልነገረኝም። መፈክሬንም ትቼዋለሁ።

ዓመት አልፎ አንድ ጠዋት አንድ ጎልማሳ «የጠፋ ፍለጋ» ላይ ሊያስነግር መጣ። ፍየል ጠፍታበታለች። ባለቤቱ እንደላከችው፣ ሕፃኗ ልጃቸው የፍየሏን ወተት እንደምትወድ ነገረኝ። አገሩን ስጠይቀው ሲነግረኝ እስክሪብቶዬ ቆመ። ውዴ ማይክራፎኑ ፊት የጠራችው አገር ነው። ስሙን ሲነግረኝም ያው ስም ነው።

እስክጽፍለት ቆየና «እትዬ፣ አምና አንድ ቀን ጣቢያችሁ ዝም ብሎ ነበር» አለኝ።

«መብራት ሄዶ ነው።»

«መብራት ሲሄድ ጄኔሬተራችሁ ይጮኽ የለም እንዴ? ያን ቀን አልጮኸም።»

አንገቴን ደፋሁ። «ፍየሏ መልኳ ምንድን ነው?»

«ቀይ ናት። አንድ ጆሮዋ የተቀደደ።»

ጽፌ ጨረስሁ። ባርኔጣውን አንሥቶ በሩ ድረስ ሄደና ፊቱን ሳያዞር ቆመ።

«አጠጥቼ ነው የመለስኋቸው» አለና ወጣ።

ፍየሏን ለጋዜጠኞቹ አልተውሁላቸውም፤ ራሴ ማይክራፎኑ ፊት ቁጭ ብዬ አስነገርሁለት።